ቀይዋ፣ ሰማያዊዋ እና አባቴ

መኪና ልገዛ ነው የሚል ወሬ ክሊኒክ ውስጥ ከአፌ ያመለጠኝ ቀን፣ ከጥበቃው እስከ ዋናው ሐኪም ድረስ ሁሉም የምገዛትን መኪና መርጦልኝ ነበር። ትንሽ፣ ነጭ፣ ባለ አራት በር፣ ነዳጅ የማትጠጣ። «ለሴት ልጅ የምትሆን» አለኝ ጥበቃው፤ እሱ ራሱ መኪና ነድቶ አያውቅም። የካርድ ክፍሏ ልጅ ደግሞ «ኤሌክትሪክ ግዢ፣ ዘመኑ የሱ ነው» አለችኝ። አራተኛ ፎቅ ላይ እንደምኖር፣ መብራቱም እንደ እንግዳ ብቅ ብሎ እንደሚሄድ ነገርኳት። «ታዲያ ገመዱን በመስኮት ታወርጃለሽ» አለች፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

እኔ የምፈልገውን ካወቅኩ ቆይቻለሁ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የምሠራው ቦሌ። ጠዋት ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ ከፊት ለፊት ወንበር ብረት ጋር ተጋጥሞ፣ የማላውቀው ሰው ጄሪካን እግሬ ላይ ተቀምጦ፣ በስልኬ የጃፓን መኪኖች ተራራ ለተራራ ሲሽከረከሩ አያለሁ። ሚኒባሷ ጉርድ ሾላ ላይ ግማሽ ሰዓት ስትቆም፣ እኔ በሦስተኛ ማርሽ ኩርባ እየታጠፍኩ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ የሰው ደም ስታይ የምትውል፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞላት የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ቱርቦ ያለው መኪና አማረኝ ብትል መጀመሪያ የሚመረመረው የራሷ ደም ነው።

የነገርኩት ለአባቴ ብቻ ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ሁለታችን ነን ቤቱ ውስጥ። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። በሥራ ዘመኑ ሁሉ የሚኮራበት አንድ ነገር አለው፤ ማንንም ቀድሞ አያውቅም። ሰው ይቀድመዋል እንጂ እሱ አይቀድምም።

«ፈጣን መኪና ምን ያደርግልሻል?» አለኝ ሽሮውን እየጠቀለለ። «እዚህ ከተማ ውስጥ ከሁሉ ፈጥኖ የሚደርሰው እግረኛ ነው።»

«አባዬ፣ መፍጠኑ አይደለም።»

«ታዲያ ምኑ ነው?»

ውኃ ቀዳሁለት።

የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያገለገለ መኪና ዋጋው ሰማይ ነክቷል። የእቁብ ዕጣዬንና ያጠራቀምኩትን ደምሬ በያዝኩት ብር የሚገኙ የጃፓን ፈጣን መኪኖች ወይ የታመሙ ናቸው፣ ወይ ታሪክ አላቸው። በስልክ ብቻ የማውቀው አንድ ደላላ ከሁለት ወር ፍለጋ በኋላ ደወለልኝ። «ሁለት አግኝቼልሻለሁ። አንዷ ሲኤምሲ ናት፣ ቀይ። አንዷ ገርጂ ናት፣ ሰማያዊ። ሁለቱም ባንቺ ብር ይሆናሉ። ሁለቱም ንጹሕ ናቸው።» ደላላ ንጹሕ ናት ካለ፣ ታጥባለች ማለቱ ነው።

ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ብቻዬን ሲኤምሲ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር። ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል፣ ባለቤታቸውም በሕይወት የሉም። መኪናዋ በረንዳው ሥር አበባ ያለበት አልጋ ልብስ ለብሳ ቆማለች። አልጋ ልብሱን ከታች ጀምረው ቀስ እያሉ ገለጡላት። ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች፣ ቀይ፤ መብራቶቿ ኮፈኑ ውስጥ የሚተኙና ሲፈለጉ ብቅ የሚሉ። ጋሼ እጃቸውን በመስኮት አስገብተው አንድ ነገር ተጫኑ። የቀኙ መብራት ተነሣ። የግራው ግማሽ መንገድ መጣና ቆመ።

«ግራዋ ጠዋት ካልሆነ አትነቃም» አሉኝ። ቀጥለው ወንበር አምጥተው አስቀመጡኝና ጥያቄ ጀመሩ።

«የት ነው የምትሠሪው?»

ነገርኳቸው።

«ሲጋራ ታጨሻለሽ?»

«አላጨስም፣ ጋሼ።»

«መጠጥ?»

«ለበዓል ካልሆነ።»

«መኪናሽን ተውሶ የሚነዳ ጓደኛ፣ ወንድም፣ እጮኛ?»

«የለኝም።»

«የትኛው?»

«ሦስቱም የሉኝም።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ውስጥ ገብተው ክሪክ ይዘው መጡ። «የኋላ ቀኝ ጎማዋን ለውጪ» አሉኝ። የክሊኒክ ቀሚሴን እንደለበስኩ ነበር። እምቢ ብል መኪናዋን እንደማላገኛት ገባኝ፤ እጅጌዬን ሰብስቤ ተንበረከክኩ። እሳቸው ከላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። ጨርሼ ስነሣ ቀሚሴ ቅባት ነው፣ ፊቴ ላብ ነው፤ ጋሼ ግን የሚያዩት ብሎኖቹን ነበር።

«በተራ አላጠበቅሽም። በመስቀለኛ ነው ያጠበቅሽው። ማነው ያስተማረሽ?»

«አባቴ።»

«አባትሽ ምን ይሠራሉ?»

«የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር።»

ፊታቸው ጨለመ። «አውቶቡስ» አሉ፣ በቤተሰቡ ውስጥ ያለ በሽታ እንደነገርኳቸው ሁሉ። ክሪኩን ከእጄ ተቀበሉኝ። «እንግዲህ ልጅ ዝም ብሎ አይሰጥም። ሽማግሌ ላኪ። አባትሽ ይምጡ።»

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ። አልሳቁም። ወጥቼ ለደላላው ስደውል «የምራቸውን ነው» አለኝ። «ባለፈው አንድ ጥሩ ገዢ አምጥቼላቸው፣ በሩን ስትዘጋ ታመናጭቃለህ ብለው መልሰውታል።»

በማግስቱ እሑድ ሰማያዊዋን ለማየት ከአባቴ ጋር ገርጂ ሄድን። ሻጩ ሠርጉ የደረሰ ወጣት ነበር። እጮኛው ወይ እኔን ወይ መኪናዋን ብላው፣ ሦስት ቀን አስቦ እጮኛውን እንደመረጠ እሱው ነገረን። ሦስቱን ቀን ባይነግረን ይሻል ነበር። መኪናዋ አራት በር አላት፤ ኮፈኗ ላይ አየር መሳቢያ ቀዳዳ፣ ከኋላዋ ደግሞ ጠረጴዛ የሚያህል ክንፍ።

አባቴ ክንፉን ዳሰሰው። «ይሄ ልብስ ማስጫ ነው?»

«አባት፣ እሱ በፍጥነት ስትሄድ መሬት ላይ አጥብቆ የሚይዛት ነው» አለ ሙሽራው።

«ቀስ ብትል ምን ይይዛታል?»

ሙሽራው ሞተሯን አስነሣት። ማርሚታዋ ሲያጓራ አጥር ሥር የተኛ ውሻ ዘሎ ተነሣና በማያውቀው ግቢ ገባ፤ በመንገዱ ላይ የቆሙ ሁለት መኪኖችም ማንም ሳይነካቸው መጮህ ጀመሩ። ካምቢዮውን አባቴ እንዲያይልኝ ፈልጌ ነበርና እሱ እንዲነዳ ለመንኩት። ሳይወድ በግድ መሪው ጋ ተቀመጠ። እኔ ከጎኑ፣ ሙሽራው ከኋላ ሆነን ወደ መገናኛ ወጣን።

እስከ መገናኛ የተጓዝንበትን ፍጥነት ሙሽራው በሕይወቱ አይቶት የሚያውቅ አይመስለኝም። ብስክሌት ቀደመን። ችግሩ ግን ፍጥነቱ አልነበረም። አባቴ ፌርማታ ባየ ቁጥር ፍሬቻ አሳይቶ ጥጉን ይይዝና ይቆማል። ትንሽ ጠብቆ ይነሣል። መጀመሪያ ፍሬኑን እየሞከረ ነው ብዬ ነበር። ሦስተኛው ላይ ገባኝ፤ የሚነዳው እሱ ሳይሆን አውቶቡስ የለመደው እጁና እግሩ ነው።

ጉርድ ሾላ ፌርማታ ላይ ብዙ ሰው ተሰልፏል። አባቴ እንደልማዱ ቆመ። ከሾላ ገበያ አንድ ከረጢት ሽንኩርት ይዘው የመጡ አንዲት እናት የኋላውን በር ከፈቱ።

«በሲኤምሲ ነው?» አሉ።

«በሲኤምሲ ነው» አለ አባቴ፣ ወደ ኋላ እንኳ ሳይዞር።

ከረጢታቸውን ሙሽራው ጭን ላይ አስደግፈው ገቡና በሩን ዘጉ። ሙሽራው አየኝ። እኔ አባቴን አየሁ። አባቴ መንገዱን አየና ተንቀሳቀሰ። ሴትዮዋ ሳንቲማቸውን በእጃቸው ይዘው «ስንት ነው?» ሲሉኝ፣ «ግዴለም እናቴ፣ ዛሬ ነፃ ነው» አልኳቸው። «ምርጫ ደረሰ እንዴ?» አሉ።

ሲኤምሲ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ስንደርስ ከፊታችን አንድ የከተማ አውቶቡስ በዝግታ ይሄዳል። አባቴ ከኋላው ተለጥፎ ርቀቱን ጠብቆ ነዳ። ጭሱ በቀዳዳው ሲገባ ሙሽራው አልቻለም። «አባት፣ በናትዎ፣ ሁለተኛ ያስገቡና ትንሽ ይርገጡት። ትንሽ ብቻ።»

አባቴ ለሙሽራው አዝኖ መሰለኝ ሁለተኛ አስገባና ረገጠ። ለአንድ ቅጽበት ምንም አልሆነም። ቀጥሎ ከኮፈኑ ሥር ፉጨት መጣ፣ ቱርቦው ነቃ፣ ሁላችንም ወንበራችን ላይ ተለጠፍን። አውቶቡሱ በቀኛችን በኩል ወደ ኋላ ሲሄድ አየሁት። ሹፌሩ ከላይ አፉን ከፍቶ ሲያየን አየሁት። ከኋላ ሴትዮዋ «ኧረ በጊዮርጊስ!» ይላሉ፣ ሽንኩርት እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ አንዱ መጥቶ አንገቴን መታኝ።

አባቴ ጥጉን ያዘና ቆመ። መሪውን ግን አልለቀቀም።

«አባዬ? ደህና ነህ?»

«ቀደምኩት» አለ።

«አዎ።»

«አውቶቡሱን ቀደምኩት።» ዞሮ አየኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያን የመሰለ ፊት አላየሁበትም ነበር። ዓይኑ በርቷል።

ሙሽራው ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ሽንኩርት ሲለቅም፣ ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ወረዱ። «ማናት የምትገዛው? አንቺ ነሽ?» አሉኝ በመስኮት። «ወንበሩ ጥሩ ነው፣ አይቆረቁርም። ሽማግሌው ግን እንዳይነዱ።»

ስንመለስ እኔ ነዳሁ። ሰማያዊዋ የሚወጣላት እንከን አልነበራትም። ስነካት ትበራለች፣ ስይዛት ትቆማለች፣ ሁሉን ታውቃለች። እኔ ብኖርም ባልኖርም ያው የምትሄድ ነበር የመሰለኝ። ለአባቴ ግን አልነገርኩትም፤ እሱ መስኮቱን ከፍቶ ክንዱን አውጥቷል።

በሚቀጥለው እሑድ ለሽምግልና ሲኤምሲ ሄድን። አባቴ ነገሩን ሰምቶ መጀመሪያ ተሳድቦ ነበር፤ በኋላ ግን ነጭ ጋቢውን ለብሶ ከዘራውን ይዞ ተነሣ። ልቡ ሰማያዊዋ ጋ ነው። እኔን ደስ ለማሰኘትና ሽማግሌውን ለማየት ነው የመጣው። በር ላይ ደርሰን ጋሼ «ይግቡ፣ ይቀመጡ» ሲሉት አልቀመጥም አለ።

«ለጉዳይ ነው የመጣነው። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

ሊያሾፍባቸው ነበር። ጋሼ ግን ኮታቸውን ቆለፉና «እንግዲያው ይናገሩ» ብለው እሳቸውም ቆሙ። አባቴ ተያዘ። ጉሮሮውን ጠረገና «ልጅዎን ለልጃችን…» ብሎ ጀመረ፣ ግራ ገባው፣ «መኪናዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው» ብሎ ጨረሰ።

«ልጅዎ ጨዋ ናት፤ አይቻታለሁ። የእርስዎ ነገር ነው የሚያሳስበኝ» አሉ ጋሼ። «ሃያ ዓመት ከመኪናዬ ፊት እየሄዳችሁ ጥቁር ጭስ ስትለቁብኝ ኖራችኋል። ይህች ልጅ ቀለሟ የደበዘዘው በእናንተ ነው።»

«ጭሱ የመንግሥት ነበር» አለ አባቴ። «እኔ መሪውን ብቻ ነው የያዝኩት።»

«ቀስ ብላችሁ ስትሄዱስ? እሱም የመንግሥት ነው?»

«እሱ የኔ ነው» አለ አባቴ ደረቱን ነፍቶ፤ እኔ ደግሞ ያለፈውን እሑድ አስታውሼ ሳቄን ዋጥኩ። ከዚያ ስለ ጎማ፣ ስለ ዘይት፣ ስለ ድሮ መካኒኮች ክርክር ተነሣ። መቼ እንደተቀመጡ አላየሁም። ሁለቱም የዛሬ ጎሚስታ ብሎን ማጥበቅ አያውቅም በሚለው ሲስማሙ ጋሼ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡና ለእኔ ሰጡኝ። «የምታድርበትን ሰፈር ልይ። ወደ ቤትሽ ንጂ» አሉ።

ጋሼ በልጅ ቅልጥፍና ከኋላ ተጣጥፈው ገቡ። አባቴ ግን ወንበሩ ከአስፋልቱ አንድ ስንዝር ብቻ የሚርቅ መሰለው፤ ወደ ታች ሲወርድ ሲወርድ ማለቂያ አጣ። ዘጭ ብሎ ሲያርፍ ጉልበቱ አገጩ ሥር ነበር።

መኪናዋ ጃፓን ሳለች ቀኝ መሪ ነበረች፤ ወደዚህ ስትመጣ ነው መሪዋ ወደ ግራ የዞረው። ያዞረው ሰው ግን ሁሉንም አላዞረም። ፍሬቻ ላሳይ ስል ዝናብ መጥረጊያው ይነሣል። በየመታጠፊያው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መስታወቱን እየጠረግን ሄድን። አያት አካባቢ መንገዱ ለቀቅ ሲል አባቴ እግሩን ለመዘርጋት ወንበሩን ወደ ኋላ ሊገፋ ፈልጎ እግሩ ሥር ያገኘውን እጀታ ሳበ። የኮፈኑ መክፈቻ ቀኝ በኩል እንደቀረ ማን ይንገረው? ኮፈኑ ቀጭ ብሎ አንድ ጣት ያህል ተነሣ።

«ተነሣች!» አለ አባቴ።

«አይዞህ፣ ሁለተኛ መያዣ አላት!» አሉ ጋሼ ከኋላ፤ በድንጋጤ እርስዎው ቀርቶ አንተ ሆነ። «ልጄ አትፍሪ። ድምፅዋን ስሚ። ቆይ… ቆይ… አሁን! ሦስተኛ!»

ሦስተኛ አስገባሁ። ቤንዚኑን ስነካው መሪው ውስጥ አንድ ነገር መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። እንዴት ልበለው፣ የጠየቅኳትን መለሰችልኝ። ትንሽ ከዘገየሁ ትንገጫገጫለች፣ በልኩ ከሆነ ትዘፍናለች። ፍጥነታችን ያን ያህልም አልነበረም፤ ያለፉን ሚኒባሶች ምስክር ናቸው። ግን ጮክ ብዬ ስስቅ ራሴን ሰማሁት። አባቴ «ምን ያስቅሻል፣ ኮፈኑ ክፍት ነው!» ይላል፣ ጋሼ «ተዋት፣ ትሳቅ!» ይላሉ፣ መጥረጊያው ግራ ቀኝ ይላል።

ቆመን ኮፈኑን ዘግተን የካ አባዶ ደረስን። የእኛ ብሎክ መግቢያ ላይ ነዋሪው አዋጥቶ ያሠራው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ። ሲሚንቶ የተረፈ ጊዜ ሁሉ እየተጨመረበት የልጅ ወገብ ያክላል ብል ብዙም አልዋሸሁም። በዝግታ ወጣሁበት። የፊት ጎማዎቹ ተሻገሩ፣ ከሥራችን ቅርርር የሚል ድምፅ መጣ፣ መኪናዋ በሆዷ ጉብታው ላይ ተቀመጠች። ወደ ፊትም ወደ ኋላም እምቢ። ጋሼ ሲያዘነብሉ ወደ ኋላ፣ አባቴ ሲያዘነብል ወደ ፊት እንደ ሚዛን እንወዛወዛለን።

የእድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ግቢው ውስጥ እየተካሄደ ነበር። ሰው ሁሉ ተነሥቶ መጣ። እኔ ወረድኩ። አባቴ ከወንበሩ መውጣት አልቻለም፤ እሱ ካልወጣ ጋሼ ከኋላ መውጣት አይችሉም። በሁለት ሰው ተሳበ፣ አልሆነም። በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ እጁን አነሣና «ሁለቱንም እንዳሉ!» ብሎ አዘዘ። አሥር ጎረምሳና ጎልማሳ ዙሪያዋን ያዙ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተባለ፤ ቀይዋ መኪና ሁለት ሽማግሌ እንደያዘች ከጉብታው ላይ ተነሥታ ወዲያ ማዶ ተቀመጠች።

«ይህ እድር ብዙ ሰው ተሸክሟል» አለ ዳኛው ትንፋሹን እየሰበሰበ። «በሕይወት ያለ ስንሸከም ግን የመጀመሪያችን ነው።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ብቻ አልሳቁም። ከወረዱ በኋላ ተንበርክከው ሆዷን አዩ፣ በእጃቸው ዳበሷት፣ ተነሥተው ጉልበታቸውን አራገፉ።

«ቅር አይበልሽ፣ ልጄ» አሉኝ። «ለዚህ ሰፈር አልድራትም።»

እንደገና በሸክም አሻገርናት፤ ጋሼ እስከ ሲኤምሲ ራሳቸው ነድተዋት ሄዱ። እኔ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። የአባቴን ጉልበት ቅባት ስቀባለት እሱ ደስታውን መደበቅ አቅቶት ነበር። «እግዜር ሲያውቅልሽ ነው» አለ። «ሰማያዊዋ ጉብታውን ምንም አትለውም። አራት በር አላት። ሰው ትመስላለች።» እውነቱን ነበር። ማክሰኞ ሙሽራው ደወለና የድግሱ ወጪ ስለጠናበት ዋጋ እንደሚቀንስልኝ ነገረኝ። ዓርብ ከሰዓት ውል ልንፈራረም ተስማማን።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ የብሎካችን ጥበቃ አስቆመኝ። «አንድ ሽማግሌ መጥተው ጉብታውን በሜትር ሲለኩ ዋሉ። የመንግሥት ናቸው እንዴ? ሊያፈርሱት ነው?» አለኝ። ደረጃውን ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ነበሩ።

«አስልቼዋለሁ» አሉ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ። «ቀጥ ብለሽ ብትመጪም፣ በሰያፍ ብትመጪም አታልፍም። እንግዲህ አንድ መፍትሔ ነው ያለው። መኪናዋ ያንቺ ትሁን፣ እኔ ግቢ ትደር። ጠዋት መጥተሽ ትወስጃታለሽ፣ ማታ ትመልሻታለሽ።»

ለአባቴ ስነግረው ማንኪያውን አስቀመጠ። «ይግባኝ እስቲ። መኪና ገዝተሽ፣ ወደ መኪናሽ በታክሲ ልትሄጂ ነው?»

«እስከ ሲኤምሲ ብቻ ነው፣ አባዬ።»

«ሰማያዊዋ ደጅሽ ድረስ ትመጣለች።»

«አውቃለሁ።»

«ዋጋዋን ቀንሶልሻል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ትያለሽ?»

«ምንም አላልኩም» አልኩት። ክርክሩ ሁሉ በእሱ ወገን ነበር፤ እኔ ጋ የነበረው አንድ ሳቅ ብቻ ነው።

ዓርብ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ አሰብኩት። ለሰማያዊዋ የሚቆመውን ምክንያት በጣቴ ቆጠርኩ፤ አንድ እጅ አልበቃኝም። ለቀይዋ የሚቆም ፈልጌ አጣሁ። ግን ሰማያዊዋን ሳስብ የሚመጣልኝ የአባቴ ፊት እንጂ የእኔ አልነበረም። ደስታው የእሱ ነው፤ በእሱ ደስታ እንዴት እንደምነዳ አላውቅም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ እሱ እምቢ ያለውን አድርጌ አላውቅም ነበር። ሲኤምሲ ስንደርስ «ወራጅ አለ!» አልኩ።

ለሙሽራው ስደውልለት ይቅርታ ለመጠየቅ ረጅም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። «ተውኩት» አልኩት። «እውነትሽን ነው? እግዚአብሔር ይስጥልኝ!» ብሎ ንግግሬን ሳልጀምር ዘጋው። በኋላ ከደላላው እንደሰማሁት፣ ሙሽሮቹ የሠርጋቸው ቀን የሄዱት በሰማያዊዋ ነው፤ ክንፏ ላይ አበባ ታስሮ። እጮኛው ምን ብላ እንደፈቀደች አላውቅም።

አባቴ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጫማውን አስሮ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። «ሰውዬው ዘይቷን በልኩ ማድረጉን አየዋለሁ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት ሁለት ሦስቴ አብሮኝ ሚኒባስ ይሳፈራል። እኔ ሲኤምሲ ስደርስ ጋሼ ፒጃማቸው ላይ ኮት ደርበው ሞተሯን አሙቀው ይጠብቁኛል፣ እንዴት እንዳደረች ይነግሩኛል። እኔ ወደ ቦሌ እሄዳለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንደኛ ማርሽ፣ ከኋላዬ ጥሩንባ እየተነፋብኝ። እነሱ ቀኑን ሙሉ ሲከራከሩ ይውላሉ። እሑድ ጠዋት በጎሮ በኩል ሦስታችን እንወጣለን፤ ከኋላ ማን ይቀመጥ በሚለው እስካሁን ስምምነት የለም።

ባለፈው ወር አንድ ማለዳ ስንደርስ ሞተሯ አልተነሣም፣ አልጋ ልብሷም አልተገለጠም። ጋሼ ጉንፋን ጥሏቸው ነበር፤ እየሳሉ በሩን ከፈቱልንና ተመልሰው ሶፋ ላይ ተኙ። ከትራሳቸው ሥር የግቢውን በር ቁልፍ አወጡና እጄ ላይ አስቀመጡት። ለልጆቻቸው እንኳ እንደማይሰጡት አውቃለሁ።

«እኔ ባልነሣ ማን ያሞቃታል?» አሉ፣ ወደ ግድግዳው ዞረው።

አባቴ ጋቢውን አውልቆ ወደ ወጥ ቤት ገባ። «ሾርባ ልሥራለት» አለኝ። በሕይወቱ ሾርባ ሠርቶ አያውቅም። እኔ መኪናዋን አሙቄ ወደ ሥራ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ወጥ ቤቱ የአረረ ምስር ይሸታል፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተው ዳቦ በሻይ እየበሉ፣ ድስቱን ያሳረረው እሳቱ ነው ሰውዬው በሚል ይጨቃጨቃሉ።